ኧረ ተው ባዩ ሳጥን

ሰኞ፣ የካቲት 28

በጥልቅ ሐዘን ይገለጻል፦ የቢሯችን ኮምፒዩተር ዲስክ በማጣጣር ላይ ይገኛል። ዘመድ ወዳጅ በያለበት ይወቀው። አበባ ማምጣት አያስፈልግም።

ሕመሙን የደረስኩበት እኔ ነኝ። ሳጥኑ «ኧረ ተው!» ብሎ እንደጨረሰ አንዲት ድምፅ ትከተላለች፤ ቀጭን፣ ሽው የምትል፣ ወደ ውስጥ የምትሳብ። ሰው ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ሲገባ የሚስባት ዓይነት። ሌላ ምንም ልትሆን አትችልም፤ የዲስክ ጣር ናት። ይህንኑ ዛሬ ለወንድም ግርማ በሙያ ቋንቋ አስረዳሁት። ወንድም ግርማ የጉባኤያችን ሽማግሌዎች ሰብሳቢ ነው፤ ያልገባው ነገር ሲገጥመው ግንባሩን ያሻል። አሸ።

አንድ ቀን አርጅቼ ይህን ሳነብ ግራ እንዳይገባኝ «ኧረ ተው» ባዩን ላስተዋውቅ።

ጋሽ መስፍን ባለፈው ጥቅምት ወደ ጌታ ሄደ። («ነፍሱን ይማር» ማለት በእኛ ቤት አይፈቀድም፤ አንዴ ምሮታል፣ ፋይሉ ተዘግቷል ይላል ወንድም ግርማ።) ከመሄዱ በፊት በአማርኛ የሚያስጽፍ ፕሮግራም ሠርቶልናል። ብቻውን፣ ከሥራ መልስ፣ እዚሁ ኖርዌይ፣ ግሮሩድ ሰፈር፣ ወጥ ቤቱ ውስጥ ቁጭ ብሎ። ሲያልቅ ኮምፒዩተሩን ከነፕሮግራሙ ተሸክሞ አምጥቶ ለጉባኤው ሰጠ። ታዲያ ፊደል የማይሆን ነገር የመታህ እንደሆነ ሳጥኑ እንደ ሰው ኮምፒዩተር «ጢጥ» አይልም። በራሱ በጋሽ መስፍን ድምፅ፣ በዚያ ጎርናና፣ ታክቶት ግን በማይቆጣው ድምፅ፣ «ኧረ ተው!» ይላል።

በሕይወት ሳለ ሳቅንበት። አሁን የሚስቅ የለም። እኔ ደግሞ የጉባኤውን የእሑድ ወረቀት፣ ዜናና ማስታወቂያውን፣ የማዘጋጅ ሰው ነኝ፤ ብዙ እሳሳታለሁ። በሞተ ሰው ስንት ጊዜ እንደምገሠጽ እኔና ግድግዳው ነን የምናውቀው። ድሮም ቀልዶቼን አንብቦ የሚሰርዝልኝ እሱ ነበር፤ እስክሪብቶውን ያነሣና፣ «ኧረ ተው፣ ዳኜ»። ሞቶም አልለቀቀኝም።

ወንድም ግርማ የምርመራ ውጤቴን ሰምቶ ሲያበቃ፣ «እንግዲያው ሳይሞት እንሽጠዋ!» አለ። ከተማ ውስጥ ያለው ሱቅ አሮጌውን ተቀብሎ ከአዲሱ ዋጋ ላይ ይቀንሳል። አዲሶቹ ኮምፒዩተሮች ደግሞ ሊወጡ ነው፤ አንጎላቸው፣ ፕሮሰሰር የሚሉት፣ ከሥሩ ተቀይሯል እየተባለ ነው።

«ለሱቁስ እያጣጣረ ነው እንበለው?» አልኩት።

«ከጠየቀ» አለ። ግንባሩን አላሸም።

ቅዳሜ ሽማግሌዎቹ ይወስናሉ።

የወንድም ግርማ ችኮላ ግን ሌላም ምክንያት አለው። ይህን ከመነጋገራችን ቀደም ብሎ፣ ዛሬ ማምሻውን፣ ከቢሮው ቀጥሎ ባለው ክፍል ጸሎት ነበረን። የተከራየነው ምድር ቤት ነው፤ ግድግዳው ከወረቀት ይሳሳል። ወንድም ግርማ እንደ ልማዱ አስረዝሞ፣ አስረዝሞ፣ «ጌታ ሆይ፣ አንድ ነገር ብቻ ልጨምር» ሲል፣ ከግድግዳው ወዲያ፦

«ኧረ ተው!»

ጉባኤው በሙሉ ዐይኑን ገለጠ። አንዱ ሳቁን ሳል ሊያስመስለው ሞክሮ ታነቀ። ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። እኔ ግን እዚያው ተንበርክኬ ነበር! ሮጬ ቢሮ ገባሁ። ማንም የለም። መብራቱ ጠፍቷል፤ ስክሪኑ ብቻ ያበራል። ወንበሩን በእጄ ዳበስኩት።

ሞቅ ብሏል።


ማክሰኞ፣ የካቲት 29

ምሥጢሩ ተፈታ። ባይፈታ ይሻለኝ ነበር።

ከሥራ በቀጥታ መጣሁ። ኮሪደሩ ላይ በረዶዬን ሳራግፍ ከቢሮው ሰማሁት።

«ኧረ ተው!»

ቀጥሎ የሴት ድምፅ፤ «አልተውም።»

«ኧረ ተው!»

«አልተውም አልኩህ። ምን ታመጣለህ?»

እትዬ ሙሉ ናት፤ የጋሽ መስፍን ባለቤት። ካፖርቷን እንኳ አላወለቀችም። በአንድ ጣት፣ ዶሮ ጥሬ እንደምትለቅመው፣ ቁልፎቹን ትጠቀጥቃለች። ያውም ሆን ብላ የማይሆነውን፤ አናባቢ በአናባቢ ላይ። ስታየኝ ምድጃ እንደነካ ሰው እጇን ሰበሰበችው።

«ወረቀት ላጥፍ መጥቼ ነው» አለች።

«ወረቀቱ ገና አልተጻፈም፣ እትዬ።»

«እስኪጻፍ ልጠብቅ ብዬ ነዋ።»

ማሞቂያው ብቻ ይንቋቋል። የትናንቱም እሷ ነበረች። ጸሎት ላይ ናቸው ብላ ገብታ፣ የእኛን ጫጫታ ስትሰማ በጓሮ በር ወጣች።

«ለሰው ትነግራለህ?»

«ምኑን?»

«ሙት ታነጋግራለች ይሉኛል፣ ዳኜ። በዘመርኩበት ጉባኤ ሙት ጠሪ ተብዬ ልቅር? ግርማ ቢሰማ ዘይትና ሽማግሌ ይዞ ሊጸልይብኝ ነው ቤቴ የሚመጣው።»

አልነግርም አልኳት። ማስታወሻ ደብተር ሰው አይደለም።

ከዚያ ያልጠየቅኳትን ነገረችኝ። «ሰው ሁሉ አይዞሽ ይለኛል። ባል የሞተባት ሴት ምን ብታጠፋ የሚቆጣት የለም። የመዘምራኑን ልምምድ ረስቼ ቀረሁ፤ አይዞሽ። በዜማው መሀል ቃሉ ጠፋኝ፤ አይዞሽ። ተው የሚለኝ እሱ ብቻ ነው።»



ልትወጣ ስትል በሩ ላይ ቆመች። «ባለፈው እሑድ ወረቀት ላይ የጻፍከው እውነት ነው? አዲሱ ኮምፒዩተር የድሮውን ሁሉ ያስመስላል ያልከው?»

«እንደዚያ ይባላል።»

«እሱንም ያስመስለዋል?»

ያን ጊዜ ያደረግኩትን እነሆ በሐቅ እመዘግባለሁ። ትንፋሼን ወደ ውስጥ ሳብኩላት። ያችኛዋን። እኛ አገር «አዎ» ማለት ሲያደክመን፣ ወይም ሲያስፈራን፣ አየር ስበን የምንመልሳትን። አዎም አይደለች፣ አይደለምም አይደለች፤ አየር ናት። በአየር የማለ ሰው ፍርድ ቤት አይቆምም።

ፊቷ ግን በራ። አምናኝ ሄደች።


ረቡዕ፣ የካቲት 30

ሱቁ ሄድኩ። ተርየ የሚባል ሻጭ አለ፤ ረጅም፣ ቀይ ፂም፣ ኦሎምፒኩ ካለቀ ወዲህ ስለ ስኪ ማውራት አቁሞ ወደ ኮምፒዩተር ወሬ የተመለሰ። እኔና እሱ ክረምቱን ሙሉ ያልወጣ ዕቃ ስናማ ነው የከረምነው። ዛሬ ግን ለጨዋታ አልነበረም የሄድኩት።

ስለ መጪው ኮምፒዩተር እስከ ዛሬ ከሰዓት በኋላ ድረስ የተጠናከረው ወሬ የሚከተለው ነው፦

— ይፋ የሚሆነው በሚመጣው ሳምንት ነው። (ባለፈው ወርም በሚመጣው ሳምንት ነበር።)

— ሳጥኑ ጠፍጣፋ ነው። ቆሞም ሊሆን ይችላል። ፎቶ አይቻለሁ የሚል ሰው አለ፤ ፎቶውን ያየ ግን የለም።

— አዲሱ አንጎል የሚያውቀው ትእዛዝ ጥቂት ነው፤ ስለዚህ ይፈጥናል። አሮጌው ትእዛዝ ያበዛል፤ ስለዚህ ይንቀራፈፋል። ለወንድም ግርማ አልነግረውም፤ ስብከት ያደርገዋል።

— የድሮ ፕሮግራሞች የአዲሱን አንጎል ቋንቋ አይሰሙም። ሆኖም ውስጡ አንድ አስመሳይ አለ። አስመሳዩ «እኔ እኮ አሮጌው አንጎል ነኝ» ይላቸዋል፤ አምነው ይሠራሉ። ዝግ ብለው።

ይህን የመጨረሻውን ስሰማ ሁልጊዜ ጉባኤያችን ትዝ ይለኛል። አሮጌው ሰው ሞቷል፣ አዲስ ልብ ተቀብያለሁ ብሎ ያልመሰከረ ከመካከላችን የለም። ግን አሮጌው ፕሮግራም ውስጣችን ዝግ እያለ እንደሚሠራ የሽማግሌዎች ስብሰባ ላይ የተቀመጠ ሁሉ ያውቀዋል።

የእኛን ፕሮግራም ለተርየ ገለጽኩለት። ሰማና ፂሙን ያዘ።

«ተራ ፕሮግራም ቢሆን ይሄዳል» አለ። «የእናንተው ግን ኪቦርዱ ሥር ገብቶ ነው የሚሠራው። እንደዚያ ያለው... ሊሠራ ይችላል። ጭራሹን ላይነሣም ይችላል።»

«ድምፁስ?»

«አስመሳዩ ከደከመ ድምፁ ሊጎተት ይችላል። ሊሰባበርም ይችላል። ማን ያውቃል? ገና ያልወጣ ዕቃ እኮ ነው።»

ሊጎተት። «ኧ... ረ... ተ...»። ከጉድጓድ በታች። እትዬ ሙሉ ካፖርቷን ሳታወልቅ ቁጭ ብላ ያንን ስትሰማ ታየኝ።

«ብቻ ይሠራል ብለህ ታስባለህ?» አልኩት፤ ልመና ነበረበት።

ተርየ ትንፋሹን ወደ ውስጥ ሳበ። «ያ» አለ፤ አዎ ማለቱ ነው።

እነሱም አላቸው! ከዚህ ሕዝብ ጋር የምንጋራው አንድ ነገር ቢኖር ይቺው ናት፤ አየር ስቦ መስማማት። አዲስ የመጣሁ ሰሞን ሰዉ ሁሉ የኛን አገር ሰው ይመስለኝ ነበር። ዛሬ ግን ትናንት ለእትዬ ሙሉ የሸጥኩላትን ዕቃ ነው በዚያው ዋጋ የገዛሁት።

ስወጣ ተጣራኝ። «አሮጌውን ቅዳሜ ከሰዓት በፊት አምጡት! ዲስኩን ጠርገን ለሚፈልግ እንሰጠዋለን።»

ጠርገን አለ። እንደ በረዶ።


ሐሙስ፣ መጋቢት 1

የእኛ ወር ተለወጠ። በረዶው አልሰማም።

ድምፁ ከቢሮ መውጣት ጀምሯል። ጠዋት ቲ-ባነው፣ የከተማው ባቡር፣ ሊዘጋብኝ ሲል ሮጬ በሩ መሀል ልገባ፦ ኧረ ተው። ቆምኩ፤ ባቡሩ አመለጠኝ። ሥራ ቦታ፣ ፉሩሴት የአረጋውያን መጦሪያው ውስጥ፣ የተረፈ ፑዲንግ ላይ ማንኪያ ላነሣ፦ ኧረ ተው። አስቀመጥኩት። በዚህ አያያዝ ጻድቅ ልሆን ነው።

እዚያው መጦሪያው ውስጥ አንዲት ሴትዮ አሉ፤ ለሞተው ባላቸው በየቀኑ ሁለተኛ ስኒ ያስቀምጣሉ። ነርሶቹ ምንም አይሏቸውም፤ ስኒውን አጥበው መልሰው ያመጡታል። ሙት ጠሪ ያላቸው የለም። ይህን ለወንድም ግርማ በምን ቋንቋ ነው የሚነገረው?

አንድ ብልሃት መጣልኝ፤ ኮራሁበትም። የካሴት መቅረጫ ይዤ ቢሮ ገባሁ። እትዬ ሙሉ ነበረች። (መጠየቅ ትቻለሁ፤ ወረቀት ልታጥፍ ነው።)

«እትዬ፣ በካሴት ልቅረጽልሽ። ቤትሽ ወስደሽ እንደልብሽ ትሰሚዋለሽ። ሳጥኑ ቢሸጥ ባይሸጥ ምን ጨነቀሽ?»

መቅረጫውን አየችው። እኔን አየችኝ።

«የሰርጋችን ካሴት አለኝ» አለች። «የዘፈነውም፣ የዘመረውም አለኝ። ካሴት እኮ ስትከፍተው ነው የሚናገረው። ይሄኛው ስሳሳት ነው የሚናገረኝ።»

መቅረጫውን ወደ ቦርሳዬ መለስኩት።

ሁለተኛ ብልሃት፦ ፕሮግራሙን ፍሎፒ ላይ ገለበጥኩት። ተገለበጠ። ግን ፍሎፒ አፍ የለውም። ድምፅ የሚሆንለት አሮጌ አንጎል ያለው ሳጥን ካገኘ ነው፤ ካልሆነም አስመሳዩን ካመነው።

«እና አዲሱ ላይ ይሠራል፤ አይደል?» አለች፤ ፍሎፒውን በመሀረቧ እየጠቀለለች። «አንተ አዎ ብለኸኛል።»

ዛሬም አልተናዘዝኩም። የምናገረውን ሳሰላስል አውቶቡሷ መጣ።


ዐርብ፣ መጋቢት 2

ዛሬ ተነገራት። ወረቀቱን አትመን እያጠፍን ነበር፤ እውነተኛ ወረቀት፣ እውነተኛ ማጠፍ።

«እትዬ፣ ማክሰኞ አዎ ያልኩሽ አዎ አልነበረም። አየር ነው። አዲሱ ላይ ይሥራ አይሥራ የሚያውቅ ሰው ኖርዌይ ውስጥ የለም። አሜሪካም ያለ አይመስለኝም።»

አልተቆጣችም። ቢቆጡኝ እመርጣለሁ። የጀመረችውን ወረቀት አጥፋ ጨረሰች፤ ጠርዙን በጥፍሯ አስተካከለች።

«ታዲያ ይሄኛው ለምን ይሸጣል?» አለች። «እኔ አዲሱ ስላለ ነው ዝም ያልኩት።»

«ይሄኛው እኮ ሊሞት ነው። ዲስኩ እያጣጣረ ነው፤ ሳትሰሚው ቀርተሽ ነው?»

«የቱን?»

አሰማኋት። አናባቢ በአናባቢ ላይ መታሁ። «ኧረ ተው!» እና ከኋላዋ ያቺ ቀጭን፣ የምትሳብ፣ ሽው።

«ይቺ ናት» አልኩ፤ እንደ ዶክተር። «የዲስክ ጣር።»

እትዬ ሙሉ አየችኝ። እንዲህ ያለ አስተያየት ያየሁት ትምህርት ቤት ነው፤ ካርታ ላይ ዓባይን ደቡብ ያሳየሁ ቀን።

«ዳኜ» አለች፤ «ይቺ እኮ እሱ ነው።»

«እንዴት እሱ ነው?»

«ወጥ ቤት ነበርን። እሱ ማይክሮፎኑን ይዞ ኧረ ተው፣ ኧረ ተው ይላል፤ እንደ ዕብድ። እኔ ሾርባ አውጥቼ በሩ ላይ ቆሜ፣ ቀዘቀዘ፣ ትመጣለህ? አልኩት። መልሱ ይቺ ናት። ሳይዞር። እንዲህ።» ትንፋሿን ወደ ውስጥ ሳበች።

ልክ ያችው።

ደግሜ መታሁ። ጆሮዬን ሳጥኑ ላይ ለጠፍኩ። «ኧረ ተው!» ከዚያ በጣም ከሩቅ፣ ካላወቁት የማይሰማ፣ የሆነ የሴት ሹክታ። ከዚያ ትንፋሹ። ጋሽ መስፍን አየር ሲስብ። ሳምንቱን ሙሉ ጣር ስለው የከረምኩት አዎ ነበር።

«መጣ?» አልኳት፤ ለምን እንደጠየቅኩ አላውቅም።

«መቼ መጥቶ ያውቃል» አለች። ሳቀች፤ ከዚያ መሀረቧን ፈለገች። መሀረቡ ፍሎፒውን ጠቅልሏል። የእሑዱን ወረቀት አንዱን ሰጠኋት።

እንግዲህ ሁኔታው ይህ ነው። ዲስኩ ደህና ነው። ሊሸጥ የታሰበው በእኔ ምርመራ ነው። ስብሰባው ነገ ነው። እውነቱን ለማስረዳት ደግሞ ማን እንደነገረኝ፣ እንዴትስ እንዳወቀች መናገር አለብኝ። አልነግርም ብያለሁ።


ቅዳሜ፣ መጋቢት 3

ሽማግሌዎቹ ከነካፖርታቸው ተቀመጡ፤ ማሞቂያው አኩርፏል። ሳጥኑ ጠረጴዛው ላይ በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ ይጠብቃል፤ ለሱቅ።

ተነሥቼ ንግግር አደረግኩ። ዲስኩ ድንገት ተሽሎታል አልኩ።

«ተአምር ነው?» አለ ወንድም ግርማ።

«የምርመራ ስህተት ነው።»

«ሰኞ ጣር አልከኝ፤ ቅዳሜ ድኗል አልከኝ። በመካከል ማን ጸለየለት?» ሌሎቹ ሳቁ። እኔ ነኝ እንዲህ ያለ ንግግር ያስተማርኩት፤ አሁን ተመለሰብኝ። «ጣር ካልሆነ ምንድን ነው ታዲያ? አስረዳና።»

አልነግርም ብያለሁና የሳጥኑን ብርድ ልብስ ማስተካከል ያዝኩ።

በሩ ተከፈተ። እትዬ ሙሉ፤ የነጭ ነጠላዋን ጫፍ ከካፖርቷ አውጥታ፣ ለለቅሶ ቤት እንደምትሄድ ሴት። ማንንም ሳታይ ሄዳ ብርድ ልብሱን ገለጠች፣ ሽቦውን ሰካች፣ አበራችው። ኮምፒዩተር ማብራት እንደምትችል ከእኔ በቀር የሚያውቅ አልነበረም።

«እህት ሙሉ፣ ምን እያደረጉ ነው?» አለ ወንድም ግርማ።

«እየመጣሁ አነጋግረዋለሁ» አለች። «ሰኞም እኔ ነኝ ጸሎትህን ያቋረጥኩት። ሙት ጠሪ በሉኝ እንግዲህ። ግን መጀመሪያ አንተ ና፣ አንዴ ተሳሳትና ስማ።»

ወንድም ግርማ ቆሞ ወደ ሳጥኑ ሄደ። እንደሚፈነዳ ነገር በሩቁ በጣቱ ተጫነ። ትክክለኛ ፊደል ወጣ። (ሰውየው ስህተት እንኳ በትእዛዝ አይሆንለትም።) ደግሞ ተጫነ።

«ኧረ ተው!»

ከዚያም ትንፋሹ።

ወንድም ግርማ ግንባሩን አላሸም። እንደቆመ ቀረ። ደግሞ ተጫነ። ደግሞ።

«ይሄ እኮ» አለ ቀስ ብሎ፣ «የመስፍን አዎ ነው። ወረቀቱ ለዐርብ ይደርሳል? ስለው የሚመልስልኝ አዎ።»

«ደርሶ ያውቃል?» አለች እትዬ ሙሉ።

«አንድም ዐርብ።»

መጀመሪያ የሳቀ እሱ ነው። ከዚያ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ፤ ትከሻው ይንቀሳቀስ ነበር። ሽማግሌዎቹ ጫማቸውን ተመለከቱ።

ሲመለስ ድምፁን አጸዳ፣ የሰብሳቢነት ፊቱን አደረገ። ውሳኔ፦ አዲሱ ሲወጣ ይገዛል፤ የሱቁ ቅናሽ ይቅር። አዲሱ እንደ ሰው ኮምፒዩተር «ጢጥ» ይበል። አሮጌው ለእህት ሙሉ ይሰጥ፤ አዲሱ በአማርኛ እስኪጽፍ ድረስም ወንድም ዳኜ ቤቷ እየሄደ ወረቀቱን እዚያ ይሥራ፤ እግረ መንገዱንም ይታረም። «ሙት ስለ መጥራት» አለና ቆም አለ፣ «ማንም አልጠራም። እሱ ነው ተው ያለን።»

በቃ። ዘይት አልመጣም።

ሳጥኑን ግን በምን እንውሰደው? ከሕንጻው ጠባቂ ስፓርክ ተዋስን፤ ያ በእግር እየገፉ በረዶ ላይ የሚያንሸራትቱት ወንበር። ሳጥኑን ወንበሩ ላይ አስቀመጥን፣ በብርድ ልብስ እስከ አፍንጫው ሸፈንነው። እትዬ ሙሉ ትይዘዋለች፣ እኔ እገፋለሁ። የግሮሩድ ቁልቁለት ደግሞ አይጣል ነው! አንዲት አሮጊት ውሻቸውን አቁመው፣ ሕፃን መስሏቸው፣ ወደ ብርድ ልብሱ በፈገግታ አጎነበሱ። ስክሪን አዩ። ቀና አሉ። «ደስ ይላል» ብለው መንገዳቸውን ቀጠሉ። ጨዋ ሕዝብ ነው።

መታጠፊያው ላይ ፍጥነት ጨመርኩ፤ ሳላስበው።

«ኧረ ተው!» አለች እትዬ ሙሉ።

ቀስ ብዬ ገፋሁ፤ እስከ በሯ ድረስ።


እሑድ፣ መጋቢት 4

ተርየ በስልክ እንዳስጠነቀቀኝ፣ ከብርድ የገባ ሳጥን ወዲያው አይበራም፤ ውስጡ ጤዛ ይይዛልና መጀመሪያ ይሙቅ። ስለዚህ ሌሊቱን እትዬ ሙሉ ወጥ ቤት አደረ። ድሮ የነበረበት ጠረጴዛ ላይ። እንቅልፍ እንዳልወሰዳት ፊቷ ይናገራል፤ የእኔም እንደዚያው። መንገጫገጩ፣ ብርዱ፣ ቁልቁለቱ። ጣር ነው ብዬ የዋሸሁበትን ዲስክ በእጄ ገድዬው ቢሆንስ?

ከአምልኮ በኋላ ሄድኩ። ሾርባ ነበር። አልቀመስንም።

«አብራው» አለች።

«አንቺ።»

«አንተ፣ እባክህ።»

አበራሁት። ጥቁር። ጥቁር ሆኖ ቆየ። ማራገቢያው ጀመረ። ስክሪኑ ግራጫ ሆነ፣ አሰበ፣ ደግሞ አሰበ። ፊደሎቹ መጡ።

እትዬ ሙሉ ጣቷን አነሣች። ቀሚሷን፣ ጠጉሯን ማስተካከሏ አላመለጠኝም። ከዚያ ተሳሳተች።

ተናገረ።

አልመለሰችለትም፤ እኔ ስላለሁ ይመስለኛል። ካፖርቴን ለበስኩ። ደረጃው ላይ ስደርስ በበሩ ተሰማኝ፤ «አልተውም!»

አዲሶቹ በሚመጣው ሳምንት ይወጣሉ ይባላል። ፍሎፒው መሀረቡ ውስጥ ነው። አስመሳዩን ያምነው እንደሆነ እናያለን።

እርማት፦ ሰኞ፣ የካቲት 28 በሰፈረው ማስታወሻ «የቢሯችን ኮምፒዩተር ዲስክ በማጣጣር ላይ ይገኛል» መባሉ ስህተት ነው። ዲስኩ ሙሉ ጤንነት ላይ ይገኛል። የተሰማው ድምፅ አቶ መስፍን ለባለቤታቸው የሰጡት «አዎ» ሲሆን፣ ጥያቄውም ሾርባው ሳይቀዘቅዝ ይመጡ እንደሆነ የቀረበ ነበር። ለተፈጠረው መደናገር ይቅርታ እንጠይቃለን። አቶ መስፍን እስከዚህ ሰዓት ድረስ ወደ ገበታ አልቀረቡም።